ለኮርቻ ስል ፒያሳን አካለልኳት

አዲስ አበባ የሄድኩት ለሥልጠና ነው። ከባሕር ዳር የበረርኩበትን፣ የአዳራሹን ሻይና ኩኪስ ልዝለለው። የማወራችሁ ስለ ሳይክል ኮርቻ ነው።

የአክስቴ ልጅ ፒያሳ አካባቢ ነው የሚኖረው። «እኔ እሁድ እሁድ ብቻ ነው የምነዳው፣ ሳይክሌን ያዢው» አለኝ። ደስ አለኝ። አገሬም ሥራ የምመላለሰው በሳይክል ነው፤ የታክሲ ሰልፍ አልችልበትም። ባሕር ዳር ግን ሜዳ ናት። እዚህ ከማዘጋጃ ቤት ተነስቼ በቸርችል ጎዳና ስወርድ፣ ቴዎድሮስ አደባባይን፣ ጥቁር አንበሳን፣ ፖስታ ቤትን እያለፍኩ ለገሃር እስክደርስ ፔዳል የመታሁት ለስሙ ነው። ሲመለሱ ነው ጉዱ። ባሕር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፣ እዚህ ከ2,300 በላይ፤ ቴዎድሮስ አደባባይ ሳልደርስ ወርጄ ገፋሁት። አንድ ሹፌር በመስኮት «አይዞሽ እህት!» ብሎኝ አለፈ። ስድብ ይሁን ማበረታቻ አልለየሁትም።

ዳገቱስ ይሁን። ያሰቃየኝ ኮርቻው ነው። ሰፊ፣ ወፍራም ስፖንጅ ያለው፣ ከሥሩ ስፕሪንግ የተገጠመለት። ሲቀመጡበት ትራስ ነው። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ መደንዘዝ ጀመርኩ። ወደ ቤቱ የሚያስገባው ኮብልስቶን ላይማ ቆሜ ነው የነዳሁት። ማታ በጀርባዬ መተኛት አቃተኝ፤ ያው በጎኔ ልተኛ ስል ደግሞ ከታች ያለው ግሮሰሪ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሙዚቃውን ለቀቀብን። የአክስቴ ልጅ ያንኮራፋል። ለምዶታል።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ኮርቻ ፍለጋ ወጣሁ። ለሱም ለኔም ይሆናል ብዬ፣ ካልሆነም አገሬ ይዤው እሄዳለሁ ብዬ። የመጀመሪያው ሱቅ ልጁ ገና ሴት መሆኔን ሲያይ ሮዝ ነገር አወረደ። «ይሄ የሴት ነው፣ ሶፋ በይው!» ከቀድሞውም የባሰ ወፍራም። ዋጋ ስጠይቀው «ከጎጃም ነሽ አይደል?» አለኝና 3,200 ብር ጠራ። ሁለት ሱቅ አለፍ ብዬ ያንኑ ሮዝ ኮርቻ 1,900 አገኘሁት። አነጋገሬን ሲሰማ ነው ዋጋው ዳገት የወጣው ማለት ነው። ባሕር ዳርም ፈረንጅ ሲመጣ እንዲሁ እንደምናደርግ አውቃለሁ፣ ግን እኔ ፈረንጅ አይደለሁም!

ወደ አራት ኪሎ መሄጃ፣ አንድ ቅያስ ውስጥ፣ ጎማ የሚጠግኑ ሽማግሌ አየሁ። ፊታቸው ውሃ የሞላ ሳፋ፣ አጠገባቸው የተቆራረጠ ካላማዳሪያ።

«ጋሼ፣ ጥሩ ኮርቻ የት ይገኛል?»

«ለማን?»

«ለኔ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ አንቺን እንለካ።»

ካርቶን ቀደዱና ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አነጠፉት። ቁጭ በይ፣ እግርሽን ትንሽ ከፍ አድርጊ፣ ወደ ፊት ዘንበል በይ። ሊስትሮዎቹ ይስቃሉ። እኔም አፈርኩ፣ ግን ተቀመጥኩ። ስነሳ ካርቶኑ ላይ ሁለት ጎድጓዳ ምልክት ቀርቷል። ሜትራቸውን አውጥተው ከመሃል እስከ መሃል ለኩ፤ 13 ሴንቲ ሜትር። ኮርቻው ከዚህ ሁለት ሴንቲ ያህል ይስፋ፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ጭን ይፍቃል አሉኝ። ሰውነታችን የሚያርፈው ካርቶኑን ባጎደጎዱት ሁለት የመቀመጫ አጥንቶች ላይ ነው። ስፖንጁ በጣም ሲለሰልስ አጥንቱ ይሰምጥና መሃል ላይ ያለው ለስላሳ ሥጋ ይጨፈለቃል፤ ድንዛዜው ከዚያ ነው የሚመጣው። ቀጥ ብሎ ለሚነዳ ሰው ሰፋ ያለ፣ ጎንበስ ለሚል ጠበብ ያለ ይሻለዋል። ሻጩ ይሄን አንዱንም አልጠየቀኝም፣ ሮዝ መውደዴንም ጭምር።

ከጆንያቸው አንድ ያገለገለ ኮርቻ አወጡ። ጥቁር፣ ጠንከር ያለ፣ መሃሉ ላይ ቦይ ያለው፣ ጠርዙ ትንሽ የተፋቀ። 900 ብር። አልተከራከርኩም። በ13 ቁጥር ቁልፍ አሮጌውን ፈቱ፣ አዲሱን ገጠሙ፣ ከላዩ ጣውላ አጋድመው ግማሽ ውሃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ በጎኑ አስተኙበት። ውሃው እስኪስተካከል ድረስ የኮርቻውን አፍንጫ፣ የፊት ሹል ጫፉን፣ ዝቅ ከፍ ያደርጋሉ። አፍንጫው ወደ ላይ ከቀረ ይጫናል፣ በጣም ከወረደ ደግሞ እየተንሸራተትሽ ክብደትሽ እጅሽ ላይ ያርፋል። ከዚያ ከፍታው፦ ተረከዜን ታች በደረሰው ፔዳል ላይ አስደግፈው እግሬ ቀጥ እስኪል ኮርቻውን ሽቅብ ሳቡት። ሙሉ ሃያ ደቂቃ ፈጀባቸው። ለእጅዎ ብዬ 100 ብር ስዘረጋ «ኮርቻው ላይ አለ፣ ልጄ» ብለው መለሱልኝ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በአራት ኪሎ አድርጌ ወደ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያ በቦሌ መንገድ ቀጠልኩ። የኮሪደር ልማቱ የሠራው የሳይክል መንገድ እውነትም ያምራል። ሳይክል ግን ብዙ የለበትም። እግረኛው እጅ ለእጅ ተያይዞ ይንሸራሸርበታል፣ አንዱ ሞተሩን አቁሞበታል፣ ቃጭል ስመታ ደግሞ እኔን ነው የሚገላምጡኝ። ኮርቻው የመጀመሪያዎቹን ቀናት አጥንቴን አሳመመኝ። እሳቸውም ያሳምምሻል፣ ይለቅሻል፣ ከደነዘዘሽ ግን ተመለሺ ብለውኝ ነበር። አልደነዘዘኝም። ሕመሙም ለቀቀኝ። ኮብልስቶኑ አሁንም ያነጥራል፣ እሱን ኮርቻ አይፈታውም።

እሁድ የአክስቴ ልጅ ሞከረው። ጃንሜዳ ደርሶ ተመለሰ። «ይሄ ድንጋይ ነው፣ የኔን መልሺልኝ!» ካርቶን ላይ ተቀመጥ ስለው እንቢ አለ። ሶፋውን መልሼ ገጠምኩለት። የኔን ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ቦሌ ፍተሻ ላይ ልጅቷ አገላብጣ አየችውና «ሳይክሉስ?» አለችኝ።