ኦቨርክሎክ ሲደረግ ቪአርኤሙ ምን እየሠራ ነው? የኤልኤልሲ አሞላልና የቮልቴጅ ንባብ

ኦቨርክሎክ ስታደርጉ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ከተመደበለት ፍጥነት በላይ ስታስሮጡ፣ ባዮስ (የማዘርቦርዱ መነሻ ሴቲንግ) ላይ 1.300 ቮልት ብትሞሉም ፕሮሰሰሩ ከባድ ሥራ ሲይዝ የሚደርሰው 1.300 አይደለም። ይህ ካልገባ የቀረው ሴቲንግ ሁሉ በግምት መነካካት ነው።

ቪአርኤም ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣውን 12 ቮልት ፕሮሰሰሩ ወደሚፈልገው 1 ቮልት ገደማ የሚያወርደው የማዘርቦርዱ ክፍል ነው፤ በሶኬቱ ዙሪያ የተደረደሩት ሞስፌቶች (ከረንቱን የሚያበሩና የሚያጠፉ ስዊቾች)፣ ኮይሎችና ካፓሲተሮች ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ የሚስበው ከረንት በጨመረ ቁጥር ቪአርኤሙ ሆን ብሎ ቮልቴጁን ዝቅ ያደርጋል። ይህ መውረድ ቪድሩፕ ይባላል። መጠኑን የሚወስነው ሎድላይን ሲሆን የሚለካው በሚሊኦም ነው። ሎድላይኑ 1.1 ሚሊኦም፣ ከረንቱ 150 አምፔር ከሆነ ሁለቱን ስናባዛ 0.165 ቮልት ይወርዳል፤ የሞላነው 1.300 በሥራ ላይ 1.135 ሆነ።

ኤልኤልሲ፣ ማለትም ሎድላይን ካሊብሬሽን፣ ይህን መውረድ ይቀንሳል። 0.5 ሚሊኦም ላይ ካደረሰው በዚያው 150 አምፔር የሚወርደው 0.075 ብቻ ስለሆነ 1.225 ይቀርልናል። ታዲያ ለምን ጨርሶ ዜሮ አናደርገውም?

ሥራው በድንገት ሲቆም በኮይሎቹ ውስጥ ያለው ከረንት በቅጽበት አይጠፋም። ካፓሲተሮቹ ውስጥ ይገባና ቮልቴጁን ለአጭር ጊዜ ወደ ላይ ይገፋዋል። ቪድሩፕ ካለ ዝላዩ የሚነሳው ከ1.225 ስለሆነ ከሞላነው ብዙም አያልፍም። ኤልኤልሲው ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ማለትም ቮልቴጁ በሥራ ላይ ጨርሶ እንዳይወርድ ካደረገ፣ ግን መነሻው ራሱ 1.300 ነውና ዝላዩ በሙሉ ከዚያ በላይ ነው። ሥራ ሲጀምር ደግሞ ቮልቴጁ ከሚረጋጋበት በታች ጠልቆ ይመለሳል፤ ጠፍጣፋ ኤልኤልሲ ይህን መጥለቅ አያስቀርም። የመከታተያ ሶፍትዌር የሚያነበው በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ እነዚህን አያያቸውም፣ በኦሲሎስኮፕ ካልሆነ አይታዩም። ግራፉ ቀጥ ብሎ እያለ ኮምፒውተሩ የሚዘጋበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። ስለዚህ መካከለኛ የኤልኤልሲ ደረጃ ይዞ የሚሞላውን ቁጥር ትንሽ ከፍ ማድረግ ይሻላል።

የደረጃ ቁጥሮቹ ከማዘርቦርድ ማዘርቦርድ ይለያያሉ። አሱስ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠፈጥፋል፤ ኤምኤስአይና ኤስሮክ ላይ ግን 1 ነው በጣም ጠፍጣፋው። ከሌላ ሰው ሴቲንግ ላይ ቁጥሩን ብቻ መገልበጥ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። የራሳችሁን ሎድላይን አስሉት፦ ክሎኩን (የፕሮሰሰሩን ፍጥነት) እና ቮልቴጁን ቋሚ አድርጉ፣ ኤችደብሊውኢንፎ በሚባለው የመከታተያ ሶፍትዌር ላይ የቪአርኤሙን የራሱን የውጤት ቮልቴጅና ከረንት ሥራ ሲፈታና ሲበዛ መዝግቡ። ሲፈታ 1.295 ቮልት በ10 አምፔር፣ ሲበዛ 1.225 በ150 አምፔር ካነበባችሁ የ0.070ን ልዩነት ለ140 አምፔር ስታካፍሉት 0.5 ሚሊኦም ይመጣል። ቪኮር (የፕሮሰሰሩ ቮልቴጅ) ብሎ የሚጽፈው ሴንሰር በአንዳንድ ማዘርቦርድ የሚለካው ከፕሮሰሰሩ ራቅ ብሎ ስለሆነ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ከሶኬቱ ጀርባ ባሉት ካፓሲተሮች ላይ በመልቲሜትር ማየትም ይቻላል፤ የመልቲሜትሩ ጫፍ ተንሸራቶ ሁለቱን ዋልታ ካገናኘ ግን ቦርዱ ሊቃጠል ይችላል።

ከዚያ የፕሮሰሰር መፈተኛውን ሲንቤንችን ለ10 ደቂቃ ደጋግማችሁ አስኪዱ። የሚመዘገበው በሥራ ላይ የታየው ቮልቴጅ ነው፣ የሞላችሁት አይደለም። የራሙን ኤክስኤምፒ፣ ማለትም ራሙን ከመደበኛው ፍጥነት በላይ የሚያስሮጠውን ሴቲንግ፣ እስከዚያ አጥፉት፤ አለዚያ ስህተቱ የራሙ ይሁን የፕሮሰሰሩ አይለይም። ከተዘጋ ወይም ዊንዶውስ የደብሊውኤችኢኤ (የሃርድዌር) ስህተት ከመዘገበ 0.010 ቮልት ጨምሩ። ሲያልፍ ይበልጥ ከባድ ወደሆነው መፈተኛ፣ ወደ ፕራይም95 ሂዱ። በኤቪኤክስ (ብዙ ስሌት በአንዴ በሚያሠሩ የፕሮሰሰር ትእዛዞች) ሲሮጥ የሚስበው ከረንት በጣም ስለሚበልጥ ቮልቴጁም ይበልጥ ይወርዳል።

የሚዘጋበት ሰዓት ብዙ ይናገራል። ሙሉ ጫና ላይ ቆይቶ ከሆነ በሥራ ላይ ያለው ቮልቴጅ አንሷል። ከባዱን ፈተና አልፎ ጌም ሲከፈት ወይም ፈተናው ሲያልቅ ከሆነ ግን መጠርጠር ያለበት ዝላዩና መጥለቁ ነው፤ ኤልኤልሲውን አንድ ደረጃ አላሉትና (ጠፍጣፋነቱን ቀንሱና) በሥራ ላይ ያለው ቮልቴጅ ቀድሞ የነበረበት እስኪደርስ የምትሞሉትን ከፍ አድርጉ። ሳይዘጋ ክሎኩ ብቻ ከወረደ ቮልቴጅ አትጨምሩ፣ መጀመሪያ ሙቀቱንና የከረንት ገደቡን እዩ። የሚባክነው ኃይል ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ በዚያው ክሎክ በሥራ ላይ ከ1.225 ወደ 1.300 መውጣት 13 በመቶ ያህል ተጨማሪ ሙቀት ነው።

ስዊቺንግ ፍሪኩዌንሲን፣ ማለትም ሞስፌቶቹ በሰከንድ የሚበሩበትንና የሚጠፉበትን ብዛት፣ ከ300 ወደ 500 ኪሎኸርዝ ማሳደግ ቪአርኤሙ ለከረንት ለውጥ ቶሎ ምላሽ እንዲሰጥ ይረዳዋል፣ ሞስፌቶቹ ግን ይበልጥ ይግላሉ። የአየር ማቀዝቀዣ በውሃ ማቀዝቀዣ ሲተካ በሶኬቱ ዙሪያ ይነፍስ የነበረው አየር ስለሚቀር፣ ለቪአርኤሙ ትንሽ ፋን ሳይመደብለት ይህን ከአውቶ ባታወጡት ጥሩ ነው።

ባዮስ አፕዴት ካደረጋችሁ ሎድላይኑን እንደገና አስሉት፤ የደረጃው ስም ያው ሆኖ ሚሊኦሙ ሊለወጥ ይችላል።