በፍልሰታ ጅማ ላይ የበላሁት ጎመን

220 ብር የተባልኩት በየዓይነቱ ሲቀርብ ጎመኑ አንዲት ማንኪያ ነበረች። ያቺም ብትሆን ዘይት ውስጥ ሰጥማ ጠቁራለች። አስተናጋጁን "ትንሽ ጎመን ይጨመርልኝ" ስለው "ተጨማሪ 60 ብር ነው" አለኝ። ዝም ብዬ በላሁ።

ያናደደኝ ብሩ ብቻ አይደለም። ወሩ ነሐሴ ነው፣ አገሩ ጅማ ነው። ከአውቶቡስ ከወረድኩ ጀምሮ ዓይኔ ያረፈበት ሁሉ ቅጠል ነው። አጥሩ ላይ የዱባ ሐረግ ተጠምጥሟል። በየጓሮው ያለው ጎመን ወገብ ይደርሳል። እዚህ አገር ላይ ጎመን በማንኪያ ሲለካ ማየት ያስቆጫል።

መንገዱን ባጭሩ ልናገር። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሳን። ወሊሶንና ወልቂጤን እንቅልፍ ይዞኝ አለፍኳቸው። የነቃሁት ጊቤ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ሸለቆውን ጉም ሞልቶት ነበር። ከሶኮሩ ጀምሮ ዝናብ ብቻ። ጅማ ስንገባ ከቀኑ 9 ሰዓት አልፏል። ከመናኸሪያ እስከ ማደሪያዬ ባጃጁ 150 ብር ተቀበለኝ። በማግስቱ ያንኑ መንገድ በእግሬ ሄድኩት፣ 12 ደቂቃ ነው።

ሌሊቱም አልተመቸኝም። ፍራሹ መሀሉ ጎድጉዷል፣ ብርድ ልብሱ ረጠብ ያለ ነው። ከጎን ያለው ቤት ሙዚቃውን እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አላጠፋም። ሙዚቃው ሲያበቃ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር። የሄድኩበት ጉዳይ ደግሞ አንድ ፊርማ ብቻ ነበር። ጠዋት ቢሮው ስደርስ ፈራሚው ዓርብ እንደሚገቡ ተነገረኝ። ቀኑ ገና ማክሰኞ ነው። ሦስት ቀን ምን ልሠራ ነው ብዬ ሆዴ ባባ።

ክፍሌ ተመልሼ መስኮቱን ስከፍት ጓሮው ታየኝ። ጓሮው የፔንሲዮኑ አይደለም፣ የጎረቤት ነው። እንሰት አለ፣ ጥቂት የቡና ዛፍ አለ፣ አንድ ፓፓያ፣ ጎደሬ፣ ቃሪያ። መሀል ላይ ጎመን በመደዳ ቆሟል። አንዲት እናት ከዝናቡ ለመከለል በሻሻቸው ላይ ፌስታል ደርበው ቅጠል ይቀነጥሳሉ። አንዱን ግንድ ጨርሰው ወደ ሌላው አይሄዱም። ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቅጠል ከሥሩ ይወስዳሉ።

"እማማ፣ ለምን ከሥር ከሥሩ ብቻ?" አልኳቸው በመስኮት።

"አናቱን ከነካሽው ነገ ምን ትበያለሽ?" አሉኝ። ቀጥለውም "ነይ ግቢ፣ በመስኮት ወሬ የለም" አሉ።

ገባሁ። ገና ሳልቀመጥ "ጾም ነሽ አይደል?" ብለው ጠየቁኝ። ሙስሊም ናቸው፤ ግን ፍልሰታ መግባቱን ያውቃሉ። እስከ 9 ሰዓት እንደምቆይ ስነግራቸው "እንግዲያው ለሰዓትሽ ይደርሳል" አሉ። ድስት ሲያወጡ የመጀመሪያውን አስቀመጡት፣ ከላይ ሌላ አወረዱ። "ይሄ ቅቤ ነክቶት አያውቅም" አሉኝ። እኔ አልጠየቅኳቸውም። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

እኔ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ብርዱ አጥንት ይገባል። እኛ ቤት ጎመን የክረምት ነገር ነው። እህል ሲሳሳ፣ አዲሱ ሳይደርስ፣ ጎመን ያሻግረናል። ዘመን ሲለወጥ "የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ" እንል ነበር። በልጅነቴ ይህን ስል ከልቤ ነበር፤ ጎመኑ በቃኝ ማለቴ ነው። ጅማ ግን 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። እዚያ ጎመኑን ውጣ የሚለው የለም። ዓመቱን ሙሉ ጓሮ ነው።

አሁን ወደ ድስቱ። እማማ የቀነጠሱት ሁለት ትልልቅ እፍኝ ጎመንና አንድ እፍኝ ለጋ የዱባ ቅጠል ነበር። የዱባ ቅጠል ተሠርቶ በልቼ አላውቅም። ዘንጉን ከጫፍ ሰበር አድርገው ወደ ታች ሲስቡት ክሩ ተልጦ ይመጣል። ከዚያ ቅጠሉን በሁለት መዳፍ ሸት ሸት ያደርጉታል፣ ሻካራነቱ እንዲጠፋ። ይህን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ። ጣቴ አረንጓዴ እስኪሆን ላጥኩ።

ቅጠሉን ያጠቡት ሳይከትፉት ነው። "ከከተፍሽው በኋላ ካጠብሽው ጣዕሙን ውሃ ይወስደዋል" አሉኝ። የጎመኑን ዘንግ ለብቻ ደቀቅ አድርገው ከተፉ። እኔ ቤት ዘንጉ ቆሻሻ ውስጥ ነው የሚገባው። አንድ ራስ ሽንኩርት ከሰል ላይ በተጣደው ድስት ያለ ዘይት፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ አበሰሉ። ዘንጉ ገባ። አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ቅጠሉ ሁሉ ገባ፣ ጨው ተነሰነሰበት። ድስቱ አፉ ድረስ ሞልቶ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ግማሽ ሆነ። ውሃ አልጨመሩም። የቅጠሉ የራሱ ውሃ በቃው። ክዳኑንም አልከደኑም፣ አረንጓዴው እንዳይጠፋ።

እናቴ የምትሠራው በሌላ መንገድ ነው። ትቀቅለዋለች፣ ትጨምቀዋለች፣ ውሃውን ትደፋለች፣ ከዚያ ታቁላላዋለች። እኔም እንደሷ ስሠራ ኖሬያለሁ። ቫይታሚን ሲ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ መሆኑን ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፤ ግን የተማርኩትን ከጎመኑ ውሃ ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር።

በመጨረሻ ሦስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁራጭ ዝንጅብልና ሁለት ቃሪያ ድንጋይ ላይ ወቅጠው ጨመሩ። ዘይቱ የገባው ያኔ ነው፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ብቻ። መጨረሻ ላይ ሲገባ ትንሹም ይሸታል፣ ለምላስም ይደርሳል። አንዴ አገላብጠው አወረዱት። በዚህ ሁሉ ውስጥ ከሱቅ የተገዛው ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና ዘይት ብቻ ነው። አምስት ሰው በላው።

9 ሰዓት ሲሞላ የልጅ ልጃቸው የበቆሎ ቂጣ አመጣ፣ ትኩስ ነው። ጎመኑን በቂጣ ጠቅልዬ ጎረስኩ። ጎመኑ ጥርስ ላይ ጠንከር ይላል፣ የዱባው ቅጠል ደግሞ ለስለስ ብሎ ይከተላል። ቃሪያው ዘግይቶ ይመጣል። ጎመን ማባያ ነው ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ቂጣው ነው ማባያ የሆነው። "ራፉ እንዲህ ነው" አሉኝ እማማ። በኦሮምኛ ጎመን ማለት ነው። እኔም የማውቃትን አንድ ቃል "ገለቶማ" አልኩ።

ልከፍል ብዬ ቦርሳዬን ስከፍት ፊታቸው ተለወጠ። "ከጓሮ ለተቀነጠሰ ቅጠል?" አሉኝ። አፈርኩ። ቦርሳዬን ዘጋሁ።

ረቡዕ ጅሬን ኮረብታ ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አየሁ። ዳግማዊ አባ ጅፋር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 የነገሡበት ነው። የእንጨት ሥራው ያምራል፤ ከላይ ሲታዩ ደግሞ የከተማዋ ጣሪያዎች ከቅጠሉ መሀል ብቅ ብቅ ይላሉ።

ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ወጣሁ። ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማው፣ ማሩ፣ ከአንድ ግንድ የተጠረበው ባለ ሦስት እግር በርጩማ። በርጩማዋን ወደድኳት፣ በዋጋ ሳንስማማ ቀረን። ለእማማ አንድ ሊትር ዘይትና አንድ ኪሎ ስኳር ገዛሁ። ይህን አልመለሱብኝም። ያን ቀንም ጎመን በላን። በዚህኛው ዙር የከተፍኩት እኔ ነኝ። "ወፍራም ነው" ብለው ግማሹን እንደገና ከተፉት።

ዓርብ ፊርማው በአሥር ደቂቃ አለቀ። ልሰናበት ስሄድ እማማ ከጎመኑ ጎን የበቀለ ለጋ ቅርንጫፍ አራት ቆርጠው ቆዩኝ። ይህ ጎመን በዘር ብቻ ሳይሆን እንዲህም ይተከላል። እርጥብ ጨርቅ ላይ አድርገው በእንሰት ቅጠል ጠቀለሉልኝ። ሌላው ዕቃዬ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሲጫን ይህን ጭኔ ላይ ይዤው መጣሁ።

እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። በረንዳዬ ላይ ሁለት ጀሪካን ለሁለት ቆርጬ፣ ሥራቸውን በስቼ፣ አፈር ሞልቼ ተከልኳቸው። አንደኛው ደረቀ። ሦስቱ ይዘዋል፤ አንደኛው አዲስ ቅጠል አውጥቷል። ባለፈው እሑድ ደውዬ ስነግራቸው እማማ መጀመሪያ የጠየቁኝ "አመድ አድርገሽበታል?" ብለው ነው። አላደረግኩም ነበር። ስልኩን ሳልዘጋ ቡና ካፈላሁበት ምድጃ አመድ አውጥቼ ሥሩ ላይ ነሰነስኩ።