ወደ ፀሐይ

ዛሬ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ላይ ከአሮጌ ሬዲዮኖች መሃል አንዲት ትንሽ ሸክላ አገኘሁ። የአሜሪካ ሶል ሙዚቃ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የምትዞረው። እጄን ኪሴ ስከት አጠገቤ የቆሙ አባት «አቦ ቆይ እስቲ!» አሉኝ።

ሸክላዋን ወደ ፀሐይ አዘነበሏት። ዘፈኑ አልቆ መሃሏ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከመጀመሩ በፊት ባለችው ለስላሳ ቦታ ላይ የሸክላዋ መለያ ቁጥር አለ። በማሽን የተመታ ሳይሆን በእጅ የተጫረ፣ ያውም የተንጋደደ። «የተጫረ ሁሉ ፎርጅድ አይደለም፤ ግን ወረቀቱን እየው» አሉ። የፊደሎቹ ዳር ደብዝዟል፤ ከሌላ ወረቀት ፎቶ ተነስቶ የታተመ ነው የሚመስለው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ብርቅዬ የሶል ሸክላዎች ለጭፈራ ቤት እየተባለ በድብቅ እየተቀዱ ይባዙ ነበር።

ሻጩ ሳቀና ዋጋውን በግማሽ ቀነሰ። ገዛኋት።

«ትዘፍናለች አይደል?» አልኳቸው።

«ከሸክላ የተቀዳ ሸክላ!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።