የአባባ ጥያቄ
ዛሬ ዝዋይ አካባቢ ለፍሎራይድ (ውሃ ውስጥ የሚገኝ፣ ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ንጥረ ነገር ነው) ምርመራ ሽንት ስንሰበስብ ዋልን። አንድ አባባ ብልቃጡን አገላብጠው አዩና «ውሃው ነው ችግሩ እያላችሁ ሽንቴን ምን ልታረጉት ነው?» አይሉኝም! ጥያቄው እኮ ልክ ነው፣ ግን የጉድጓዱን ውሃ ብቻ ብንለካ ሰውየው በቀን ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ ሻይ ያበዛ እንደሆነ (ሻይ ራሱ ፍሎራይድ አለው)፣ ወጡ በምን ውሃ እንደተሰራ አናውቅም፣ ሽንት ግን ከየትም የገባውን ደምሮ ነው የሚያሳየው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይሄን በብዙ እጥፍ የሚያልፍ ጉድጓድ ሞልቷል። እኔን የሚያሳስበኝ የህፃናቱ ነገር ነው፣ በማደግ ላይ ያለ አጥንት ፍሎራይዱን ስለሚያስቀረው በሽንት የሚወጣው ድርሻ ከአዋቂ ያንሳል፣ ስለዚህ የልጅ ሽንት ውጤት ዝቅ አለ ብሎ መደሰት የለም።

አባባም ሰጡን በመጨረሻ። «ውጤቱን ግን አምጡ፣ የበፊቶቹ እንደወሰዱ ቀሩ» ብለውናል።