የመጻጉዕን ስብከት ስገመግም የተማርሁት

አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ስብከት የሚለማመዱ ወጣቶችን እንድገመግም ኃላፊነት ሲሰጠኝ በመጀመሪያ ያዘጋጀሁት ቅጽ ነበር፤ ድምፅ፣ አቋም፣ የእጅ እንቅስቃሴ፣ የጥቅስ አጠቃቀምና የጊዜ አጠባበቅ እያንዳንዳቸው 5 ነጥብ ይዘው ተደረደሩ። የቅጹን ጉድለት የተረዳሁት በዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት፣ የበሽተኛው ፈውስ በሚታሰብበት በመጻጉዕ ዕለት፣ አንድ ወጣት ዲያቆን ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ቆሞ ሲያስተምር ነው።

የዕለቱ ወንጌል ከዮሐንስ ምዕራፍ 5 የተወሰደ ነው። በመጠመቂያው አጠገብ የተኛው፣ 38 ዓመት የታመመው ሰው «ልትድን ትወዳለህን?» ተብሎ ሲጠየቅ ወደ መጠመቂያው የሚያገባው ሰው እንደሌለው ይናገራል። ዲያቆኑ «ሰው የለኝም» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገና ጥቂት ዝም አለ። እኔም «ድምፅ» ከሚለው ረድፍ 2 ነጥብ ቀነስሁ። ቀና ስል ግን ምእመናኑ ከመንገድ የሚመጣው የመኪና ድምፅ እስኪለይ ድረስ ጸጥ ብለው ነበር፤ የስብከቱን ብርቱ ስፍራ ጉድለት ብዬ መዝግቤዋለሁ ማለት ነው።

ሲያበቃ አጠገቤ የነበሩትን አንዲት እናት «እማማ፣ ከትምህርቱ ምን ያዙ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አንደበቱ ይጣፍጣል ልጄ፤ ብዙ ነገር አለ፤ እኔ ግን አንዱንም አልያዝሁት» አሉኝ።

ስብከቱን በስልኬ ቀድቼው ስለነበር ማታ ደግሜ እየሰማሁ በየ5 ደቂቃው የተናገረውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍሁ። ከ28 ደቂቃው 12ቱ በሰላምታና ከጾሙ የመጀመሪያ ሰንበት ከዘወረደ ጀምሮ ያሉትን ሰንበታት በመዘርዘር አልፏል፤ «በመጨረሻም» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ተናግሮ ሦስቱንም ጊዜ አዲስ ጉዳይ ከፍቶበታል። ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ የምስባኩ፣ ማለትም ከወንጌል በፊት በግእዝ የሚዜመው የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ ነገር ነው። «እግዚአብሔር ይረድኦ ውስተ ዐራተ ሕማሙ» የሚለውን ቃል በመግቢያው ሳይተረጉም ጠቅሶ አልፎታል፤ ይህ ቃል ግን እግዚአብሔር ሰውን በታመመበት አልጋ ላይ ሳለ ይረዳዋል የሚል ነውና ሰው ለሌለው ለዚያ በሽተኛ ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም። በእኔ እምነት የግእዝ ጥቅስ ከስብከት ሊቀር አይገባም፤ ነገር ግን ወዲያው ተተርጉሞ በሚያበራው ሐሳብ አጠገብ መቀመጥ አለበት።

በማግሥቱ ስንገናኝ ነጥቡን አላሳየሁትም። «ዲያቆን፣ ምእመናኑ ምን ይዘው እንዲሄዱ ነበር የፈለግኸው?» አልሁት። ብዙ አሰበና ሦስት ነገር ጠራልኝ፤ አንዱን ብቻ እንዲመርጥ ስጠይቀው «ሰው የለኝም የሚለውን፣ ጋሼ» አለኝ። ከዚያ በየ5 ደቂቃው የተናገረውን የጻፍሁበትን ወረቀት አብረን ተመለከትን፤ ምስባኩን ከመግቢያው አንሥቶ የት እንደሚያኖረው እኔ ሳልነግረው ራሱ አገኘው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የመክሊቱ ምሳሌ በሚነበብበት በገብር ኄር ሰንበት ሲያስተምር ገና ከመነሻው መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ ጌታውን «ጨካኝ» ማለቱን አነሣ፤ እስከ ፍጻሜው ድረስም ያንኑ ተከትሎ በ17 ደቂቃ ጨረሰ። እኔም ቅጹን ትቼ የያዘውን ሐሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጽፌ ነበር። የንግግሩ ፍጥነት ግን ገና አልታረመም፤ ጥቅስ ሲያነብ ይቸኩላል፤ በድምፅ ማጉያውም ቃላቱ ይደራረባሉ። ለሚቀጥለው ጊዜ ይህንን ብቻ እንዲለማመድ ነግሬዋለሁ።