ማር በወንፊት፦ የህንድ ልብ ወለድ ንባቤ ከአራት ወር በኋላ

ደብተሬን ስጀምር ገጹን መሃል ለመሃል በማስመሪያ ከፈልኩት። በአንድ በኩል «ሴት»፣ በሌላው «ተፈጥሮ» ብዬ ጻፍኩ። በህንድ ልብ ወለዶች ውስጥ ሴቶችና ምድር እንዴት አብረው እንደሚነሱ በንባብ ለማወቅ ቆርጬ ነበር። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ሴት ትወልዳለች፣ ምድር ታበቅላለች፣ ሁለቱም ይበደላሉ። የማነበው ሁሉ ከመስመሩ ግራና ቀኝ የሚሰለፍ መስሎኝ ነበር።

አራት ወር ሞላኝ። የማነበው ማታ ማታ ነው፣ ከሥራ መልስ። ሁለት ልብ ወለድና አንድ አጭር ታሪክ ጨርሼ ሌላ ልብ ወለድ ይዣለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ያን መስመር ስለሰረዝኩት ነው።

የጀመርኩት በካማላ ማርካንዳያ «ኔክታር ኢን ኤ ሲቭ» ነው። በ1954 የወጣ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ርዕሱን በእኛ «ማር በወንፊት» ብንለው ያስኬዳል። ተራኪዋ ሩክማኒ በ12 ዓመቷ ለናታን ትዳራለች። ናታን ጭሰኛ ነው። ይህ ቃል ለእኛ አንባቢ ማብራሪያ አይፈልግም።

ሩክማኒ ዱባ ትተክላለች። ዘሩን ቀብራ፣ ውሃ አጠጥታ፣ ሐረጉ ሲሳብና ፍሬው ሲከብድ እየሄደች ታያለች። አንድ ቀን እርጉዝ ሆና አትክልቷ ውስጥ ስትሠራ ኮብራ ያጋጥማታል። ባሏ ደርሶ ይገድልላታል። እስከዚህ ድረስ ደብተሬ በደንብ እየሞላ ነበር። ዘርና ማኅፀን፣ ሐረግና ልጅ። ሁሉም ልክ ልኩ ላይ ገባልኝ።

ከዚያ ቆዳ ፋብሪካው መጣ። ጫጫታውና ሽታው መንደሩን ሞላው። የገበያው ዋጋ ናረ። ቆዳ ፋብሪካ አጠገብ ያለፈ ሰው ያን ሽታ ያውቀዋል፣ ልብስ ላይ ይቀራል። ሩክማኒ ከመጀመሪያው አልወደደችውም። ግን ትልልቆቹ ልጆቿ እዚያው ተቀጠሩ። ደመወዝ ሲገባ ቤቱ ጠገበ። «ፋብሪካ ክፉ፣ መሬት ደግ» ብዬ ልጽፍ ብዕር አነሳሁና ተውኩት። መሬቱም እኮ የናታን አይደለም። ዝናብ ቢቀርም ኪራዩ አይቀርም።

ድርቅ ሲገባ ሩክማኒ የቀረቻትን ሩዝ ሰፍራ ለየቀኑ ትከፋፍላለች። ስንት ቀን እንደምታዘልቃቸው ትቆጥራለች። ከፊሉን ትደብቃለች። ይሄኔ ጎረቤቷ ኩንቲ ትመጣለች። «ምስጢርሽን ለባልሽ አወጣለሁ» ብላ ታስፈራራትና በሩዝ ዝም ትላለች። ምስጢሩ ደግሞ ሩክማኒ ልጅ ለመውለድ ስትል ከባሏ ተደብቃ ነጭ ሐኪም ጋ መሄዷ ነው።

ይህን ክፍል ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እናቴ በክረምት መውጫ የእህሉን ዕቃ ከፍታ፣ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ የቀረውን የምትገምተው ትዝ አለኝ። አንድም ቃል አትናገርም ነበር። ከፊቷ ነበር የምናውቀው።

ኩንቲን የት ልጻፋት? ሴት ናት፣ ተርባለች፣ የሌላዋን ሴት ልጆች ጉሮሮ ደግሞ ዘግታለች። የሩክማኒ ልጅ ኢራስ? በረሃብ የሚያልቀውን ታናሽ ወንድሟን ለማብላት ገላዋን ትሸጣለች። በኋላም ባለመሬቱ ማሳውን ለዚያው ቆዳ ፋብሪካ ይሸጥና ባልና ሚስቱ ዕድሜያቸውን ካሳለፉበት ቦታ ውጡ ይባላሉ። መጽሐፉን ዘግቼ ሁለቱን ዓምዶቼን አየኋቸው። ይህን ሁሉ የሚይዝ ቦታ አልነበራቸውም።

ሁለት ሳምንት ልብ ወለድ አቆምኩ። በጉዳዩ የተከራከሩ ሰዎችን ማንበብ ያዝኩ። ቫንዳና ሺቫ በ1988 ባወጣችው «ስቴይንግ አላይቭ» ሴቶችን ከተፈጥሮ ሕይወት ሰጪነት ጋር ታስተሳስራለች። ለእኔ መስመር የቀረበ ሐሳብ ነው። የምጣኔ ሀብት ምሁሯ ቢና አጋርዋል ግን በ1992 ባሳተመችው ጽሑፍ ይህን ትሞግታለች። ዝምድናው የሚመጣው ከሥራና ከንብረት ነው ባይ ናት። ማገዶ የሚለቅመው ማን ነው? ውሃ የሚቀዳውስ? መሬቱ በማን ስም ነው? ጫካው ሲጠፋ ባለመሬቷና መሬት የሌላት ሴት እኩል አይጎዱም። ይህን ሳነብ ኩንቲ ገባችኝ። ክፋቷን ይቅር ባልልላትም፣ ከየት እንደመጣ አየሁት።

ዛፍ እያቀፉ ቆረጣን ስለተቃወሙበት የህንድ መንደሮች እንቅስቃሴ፣ ስለ ቺፕኮ የነበረኝም ስዕል ተለወጠ። ማርች 26 ቀን 1974 በሂማላያ ተራሮች ሬኒ በምትባል መንደር፣ ወንዶቹ ወደ ቻሞሊ በሄዱበት ዛፍ ቆራጮች መጡ። ጋውራ ዴቪ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት የመንደሩን ሴቶች አስከትላ ጫካ ገባች፣ ቆረጣውንም አስቆሙ። እኔ ድሮ የማየው ዛፍ ማቀፉን ብቻ ነበር። አሁን ጫካው መኖና ማገዶ የሚገኝበት፣ የተራራውን አፈር ይዞ የሚያቆም መሆኑንም አያለሁ። በ1970 አላክናንዳ ወንዝ ሞልቶ ያደረሰው ጥፋት ከአካባቢው ሰው ልብ ገና አልወጣም ነበር።

መስመሩን የሰረዝኩት ያን ሰሞን ነው። በምትኩ አራት ጥያቄ ጻፍኩ። ማን ይቆርጣል? ማን ይሸጣል? ለማን ይከፈላል? ማታ ማን ጦሙን ያድራል?

በእነዚህ ጥያቄዎች ነው የማሃስዌታ ዴቪን «አደን» ያነበብኩት። በቤንጋሊ የተጻፈ አጭር ታሪክ ነው፣ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችው ጋያትሪ ስፒቫክ ናት። ሜሪ ኦራኦን እናቷ ኦራኦን ከሚባለው የጫካ ነባር ሕዝብ ናት፣ አባቷ ነጭ። ገበያ ወጥታ ትሸጣለች፣ የነገር ዋጋ ታውቃለች፣ ማንም አያታልላትም። ተህሲልዳር ሲንግ የሚባል ግንድ ነጋዴ ይመጣል። ሳል የሚባለውን ጠንካራ ዛፍ ከባለቤቶቹ በርካሽ ይገዛል። የመንደሩን ሰው ለቆረጣ ይቀጥራል፣ ለሴቶቹ ከወንዶቹ ያነሰ ይከፍላል። ሜሪንም እንደ ዛፉ በርካሽ የሚያገኛት ይመስለዋል። እምቢ ብትለውም አይሰማም።

በዚያ አገር በየ12 ዓመቱ አደኑ የሴቶች የሚሆንበት በዓል አለ። ሴቶቹ መሣሪያ ይዘው ጫካ ይገባሉ። ተራው የደረሰው በዚያ ዓመት ነው። ሜሪ የምታድነውን አውሬ መርጣለች።

ብዙ ሰው ስለዚህ ታሪክ ሲያወራ ግድያውን ነው የሚያነሳው። እኔን የያዘኝ ሂሳቡ ነው። ማሃስዌታ የዛፉን ዋጋና የቀን ክፍያውን እንደ ጥሩ ሂሳብ ያዥ ቆጥራ ታስቀምጣለች። ቁጣው የሚነሳው ከቁጥሩ ውስጥ ነው። አራቱም ጥያቄዎቼ መልስ አገኙ። ሜሪ ጫካውን አላዳነችም፣ ራሷን ግን አድናለች። እውነቱን ለመናገር ካነበብኳቸው ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

የአኒታ ዴሳይ «ፋየር ኦን ዘ ማውንቴን» በ1977 የወጣ ነው። ካሳውሊ በምትባል የተራራ ከተማ ብቻዋን መኖር የመረጠች አሮጊት አለች፣ ናንዳ ካውል። የልጅ ልጇ ልጅ ራካ ትመጣባታለች። ቋንቋው ያምራል፣ ጥዱና ገደሉ ዓይን ላይ ይመጣል። ከአራቱ ጥያቄዎቼ ጋር ግን ብዙም አልተግባባም። ምናልባት ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ። መጨረሻውን አልነግራችሁም።

በጣም የጠቀመኝን ልምምድ ልንገራችሁ። የማርካንዳያን የመኸር ገጾች ለራሴ ወደ አማርኛ መለስኳቸው። ለሩዝ እርሻ ቃል ያጥረኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ግን እሸት፣ አጨዳ፣ ነዶ፣ ውቂያ፣ ሰፌድ እያሉ ቃላቱ ራሳቸው መጡ። አንድ ገጽ ለመመለስ ሦስት ማታ ፈጀብኝ። ሩክማኒ ወገቧን ይዛ ቀና ስትል ግን ያየኋት ያኔ ነው። የማታውቁት ዛፍ ስም ሲያጋጥማችሁም አትዝለሉት፣ ፎቶውን ፈልጉ። ሳልን ሳየው ግንዱ ቀጥ ያለና ረጅም ነው። ነጋዴው ለምን እንደጎመጀ ወዲያው ገባኝ።

አሁን የያዝኩት የአሚታቭ ጎሽን «ዘ ሀንግሪ ታይድ» ነው፣ የ2004። ከሁለት ሦስተኛው በላይ አልፌያለሁ። ቦታው ሰንዳርባንስ ነው፣ ባሕርና ወንዝ የሚገናኙበት የማንግሮቭ ጫካ፣ የነብር አገር። ፒያ የምትባል ተመራማሪ ዶልፊን ታጠናለች። ትናንት ማታ የደረስኩበት ቦታ ግን ስለ ሞሪችጃፒ ነው። በዚያች ደሴት የሰፈሩ ስደተኞች ቦታው የተከለለ ጫካ ነው ተብለው በ1979 በኃይል ተባረዋል፣ የሞቱም አሉ። ልብ ወለዱ ውስጥ ኩሱም የምትባል ሴት፣ ለነብር ሲሉ እኛን የሚገድሉ እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ናቸው እያለች ትጠይቃለች።

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እስከ ዛሬ ጫካ ቆራጩን ብቻ ነበር የምከታተለው። ተነስቼ መብራት አበራሁና ከአራቱ ጥያቄዎች ሥር አምስተኛ ጻፍኩ። ጫካው የሚጠበቀው ከማን ነው?

ቀጥሎ ማንበብ የምፈልገው በማላያላም የተጻፈውን የአምቢካሱታን ማንጋድን ልብ ወለድ ነው። በኬረላ የካሹ እርሻ ላይ ከአየር ስለተረጨው ኢንዶሰልፋን ስለተባለ መርዝ ነው። እንግሊዝኛው «ስዋርጋ» ይባላል። መጽሐፉ ያላችሁ ካላችሁ አውሱኝ፣ በሦስት ሳምንት እመልሳለሁ።