የዓለም ፍጻሜን ከአባቴ ጋር

ነገሩን ያበላሸው ልጄ ነው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አማርኛው እንደ አሮጌ መኪና ነው፤ ካልተገፋ አይነሳም። አንድ ማታ እራት ላይ አያቱን ቀና ብሎ አየና፣ «አባባ፣ ቅዳሜ የዓለም ፍጻሜ ልናይ ነው!» አለው።

አባቴ ጉርሻውን አየር ላይ አቆመ። ከአዲስ አበባ ከመጣ ሁለት ወሩ ነው። ወሩ ደግሞ ሁዳዴ። አንድ ማታ የላስ ቬጋስን ዋና መንገድ ይዤው ዞሬ፣ ያን ሁሉ መብራትና ያን ሁሉ ራቁት ገላ ካየ ወዲህ ምጽአት ደርሷል የሚለው ነገር ከአፉ ጠፍቶ አያውቅም። ስለዚህ ብዙም አልደነገጠም። «ቅዳሜ ነው ያሉት?» አለና ጎረሰ።

ስቀን ስናበቃ አስረዳነው። የሞንስተር ጃም የዓለም ፍጻሜ ውድድር ነው። ጎማቸው ሰው የሚያክል መኪኖች ይሽቀዳደማሉ፣ ይዘላሉ፣ ይገለባበጣሉ። ውድድሩ ከ2000 ጀምሮ በየዓመቱ እዚሁ ላስ ቬጋስ፣ ሳም ቦይድ ስታዲየም ነበር የሚደረገው። እኔ የማወራችሁ ስለ 2018ቱ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ)። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ኦርላንዶ ወሰዱት። እኛ ያየነው እዚህ የተደረገው የመጨረሻው መሆኑ ነው።

«ይገለባበጣሉ» ስል የአባቴ ፊት ልውጥ አለ። ምንም ግን አልተናገረም።

እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ። ላስ ቬጋስ ኤርፖርት ወርዳችሁ ታክሲ ብትይዙ ሹፌሩ ሐበሻ ቢሆን አይግረማችሁ፤ ብዙ ነን። ውድድሩ እዚህ በነበረ ጊዜ ማርች በመጣ ቁጥር የመኪና ስዕል ያለበት ኮፍያ የደፉ ቤተሰቦች ይሳፈሩ ነበር። ልጆቹ አንገታቸው ላይ የጆሮ መከላከያ ያንጠለጥሉ ነበር። አንዴ ከሚዙሪ የመጣ ሽማግሌ ተሳፈረና ሳልጠይቀው የእነዚህን መኪኖች ታሪክ በሙሉ ዘከዘከልኝ። ሴንት ሉዊስ አካባቢ ቦብ ቻንድለር የሚባል ሰው ፎርድ ፒክአፑን እየደጋገመ ከፍ ሲያደርግ፣ ጎማ ሲያተልቅ ቆየና «ቢግፉት» አላት። በ1981 እርሻ ውስጥ ሁለት አሮጌ መኪኖች አስቀምጦ በላያቸው ሄደባቸው። በቪዲዮ ቀረጹት። ሰው አበደለት። ነገሩ ከዚያ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው።

ሽማግሌው ደህና ጉርሻ ሰጥቶኝ ወረደ። እኔ ግን በሆዴ «መኪና ሲሰበር ለማየት አውሮፕላን ተሳፍሮ መምጣት!» እያልኩ ነበር። ልጄ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲለምነኝ እምቢ ያልኩትም ለዚሁ ነው።

ምክንያት አለኝ። አባቴ የኤንትሬ ሹፌር ነበር። ፊያት 682 ኤን ትሬ፣ የጭነት መኪናዋ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ድምጿን ከሩቅ ይለያታል። ከነተሳቢዋ ከአዲስ አበባ አሰብ ስንት ዓመት ተመላልሶባታል። አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሰርዶ፣ ኤሊዳር፣ ቡሬ፤ እኛ ልጆቹ ፊደል ሳንቆጥር ይህን መስመር ነው የቆጠርነው። መኪናዋ የሰው ነበረች። ጎማ ከፈነዳ ከደሞዙ ይቆረጣል። ባሌስትራ፣ ክብደቷን የሚሸከመው የብረት ንብርብር፣ የተሰበረ ጊዜ በረሃ ላይ በባሕር ዛፍ እንጨትና በጠፍር አስሮ ኮምቦልቻ ገብቷል። እሱ ቤት መኪና መስበር ማለት እህል መርገጥ ማለት ነው።

አንድ የማይነሳ ቃልም ነበር፤ «ተገለበጠ»። እናቴ ድስት እንኳ ቢሆን «ተደፋ» ትላለች እንጂ ያችን ቃል አታወጣም። አፍ ያመጣዋል ብላ ነው። ሌላም የማይነሳ ጉዳይ ነበር። በየዓመቱ ለዕንቁጣጣሽ በክራንች የሚሄድ ሰው ከኮምቦልቻ ይመጣል። «ጋሼ» ነው የምንለው። አባቴ እስከ በር ወጥቶ ይቀበለዋል፣ የራሱን ወንበር ይለቅለታል፣ ሲሸኘው ፖስታ ያስይዘዋል። ዘመድ ነው ተብለናል። በማን በኩል እንደሆነ ግን ማንም ነግሮን አያውቅም።

በዚያ ቅዳሜ ባለቤቴ ሥራ ነበረች። አባቴን ብቻውን ቤት ትቼ መሄድ አልሆነልኝም። እንጂ ይዤው ልሄድ ያሰብኩት ነገር አልነበረም።

ከውድድሩ በፊት መኪኖቹን ቀርቦ ማየት ይቻላል። ፒት ፓርቲ ነው የሚሉት። ሰው ተሰልፎ ሹፌሮቹን ያስፈርማል። ልጄ ከሁሉ በፊት «ግሬቭ ዲገር» ጋ እንሰለፍ አለ። ትርጉሙን ስነግረው አባቴ አማተበ። «መቃብር ቆፋሪ? በሁዳዴ?» መኪናው ጥቁር ነው። ጎኑ ላይ የመቃብር ድንጋይና ሙሉ ጨረቃ ተስሎበታል። የፊት መብራቱ ቀይ ነው። ዴኒስ አንደርሰን የሚባል የሰሜን ካሮላይና ሰው በ1982 ከአሮጌ ፎርድ ፒክአፕ የሠራት ናት የመጀመሪያዋ። ሲስቁበት፣ በዚችው አሮጌ መቃብራችሁን እቆፍራለሁ ብሎ ፎከረ፤ ስሟም ከዚያ ወጣ ይባላል። እሱ በ2017 መንዳት አቆመ። ከዚያ መሪውን ልጆቹ ያዙት፣ ሴቷም ጭምር።

ይህን ስነግረው አባቴ ዞር ብሎ አየኝ። «የሹፌር ልጅ» አለ። ለእነሱ ይሁን ለእኔ አልገባኝም።

ከዚያ ጠፋ። ከሰልፉ ወጥቼ ስፈልገው ማንም ያልተሰለፈበት አንድ መኪና ጥግ ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት። ከመኪናው ሥር ሁለት እግር ወጥቷል። የአንድ ሰውዬ እግር ነው፤ ቁልፍ ይዞ የሆነ ነገር ያጠብቃል። ሰውየው ወጥቶ ሲነሳ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ነው። አባቴን አየና እጁን አጥፎ የእጁን አንጓ ዘረጋለት። አባቴም ምንም ሳያስብ አንጓውን ጨብጦ ነቅነቅ አደረገው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ ጋራዥ ደጃፍ እንደቆሙ ነው ሁለቱም። ሁለት ወር ሙሉ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ተዝናንቶ ማንንም ሰላም ሲል አላየሁትም።

ጥያቄው ተጀመረ። እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ።

ጎማው 66 ኢንች ይቆማል፤ 1 ሜትር ከ68 መሆኑ ነው። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ተጠጋው። ጎማው በለጠው። ወርዱ 43 ኢንች ነው፤ ከሜትር ይበልጣል። የመኪናው ክብደት 12,000 ፓውንድ ገደማ ነው። አሰላሁለት፤ 54 ኩንታል። «ምን ጭኖ?» አለኝ። ምንም አይጭንም አልኩት። ጉልበቱስ? 1,500 ፈረስ።

«ኤንትሬ ሁለት መቶ እንኳ አትሞላም። ከነተሳቢዋ ከሁለት መቶ ኩንታል በላይ ትጎትታለች። ይሄ ይሄን ሁሉ ፈረስ ይዞ ምን ሊጎትት ነው?»

«ሰው ሊያስጮህ ነው።»

ከዚያ አሸተተ። ናፍታ አይደለም፣ ቤንዚንም አይደለም። ሜታኖል ነው፣ አልኮል መሆኑ ነው አልኩት። «በል ተወው፣ ለዚህ ነው የሚገለባበጠው» አለ። ለሰውየው ተረጎምኩለት፤ ከት ብሎ ሳቀ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ነው ያስቸገረኝ። «ባሌስትራው የታለ?» ባሌስትራ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ጥፍት አለኝ። ልጄ ጭራሽ ቃሉንም ሰምቶት አያውቅም። አባቴ ሁለታችንንም ተወንና መዳፎቹን አንዱን ባንዱ ላይ ደራርቦ፣ ጎበጥ አድርጎ፣ ከፍ ዝቅ አደረጋቸው። ሰውየው ወዲያው ገባው። ራሱን ነቀነቀና ከጎማው ጀርባ የቆሙትን ረጃጅም ቱቦዎች መታ መታ አደረጋቸው። ባሌስትራ የለውም፤ ከላይ ሲወድቅ የሚሸከሙት በናይትሮጅን ጋዝ የተሞሉ ሾክ አብዞርበሮች ናቸው። አባቴ አንዱን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። «በአየር» አለ ለራሱ። «ሰርዶ ላይ ይሄ ቢኖረኝ።»

ሰውየው ደስ ብሎት ሁሉን አሳየው። ሹፌሩ መሃል ላይ ነው የሚቀመጠው፣ በብረት ቀፎ ውስጥ። የፊት ጎማ በመሪ ይዞራል፤ የኋላው ደግሞ በእጅ በምትነካ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ። አካሉ ላሜራ አይደለም፣ ፋይበር ግላስ ነው፤ ቢረግፍም በሌላ ይተካል። በመጨረሻ አንዲት ነገር ጠቆመ። ሜዳ ላይ የሚቆም ሰው በእጁ ሪሞት ይዟል። መኪናው ከተገለበጠ ወይም ከሹፌሩ ቁጥጥር ከወጣ ያ ሰው ካለበት ሆኖ ሞተሩን ያጠፋዋል።

ተረጎምኩ። አባቴ ዝም አለ። ከዚያ «ድገመው» አለኝ። ደገምኩት።

ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሜዳው በመቶ የሚቆጠር መኪና አፈር ተጭኖ መጥቶ ኮረብታ በኮረብታ ሆኗል። ለአባቴ የጆሮ መከላከያ ገዝቼለት ነበር። «ጆሮዬን ኤንትሬ ድሮ ወስዳዋለች» ብሎ ለእኔ መለሰልኝ። ምግብ ቤቱ ሁሉ አይብና ሥጋ ነው። እሱ ከኮቱ ኪስ ቆሎ አውጥቶ ይቆረጥማል። ከፊታችን የተቀመጠች ልጅ ዞር ብላ አየችው፣ ዘገነላት። ቀመሰችና እጇን እንደገና ዘረጋች።

እሽቅድምድሙ ዓርብ ነበር፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይሮጣሉ፣ የተሸነፈ ይወጣል። እኛ ያየነው የቅዳሜውን ፍሪስታይል ነው። አንድ መኪና ብቻውን ይገባል። በተሰጠችው ጥቂት ደቂቃ ያሻውን ያደርጋል። ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ በጆሮ አይደለም የሚገባው፤ በደረት ነው። ቆሎው መዳፍ ላይ ይንቀጠቀጣል። 54 ኩንታል ብረት ከአፈር ቁልል ላይ ተስፈንጥሮ አየር ላይ ሲቆይ፣ እውነቴን ነው፣ ያ ሁሉ ንቀቴ የት እንደገባ አላውቅም። ቆሜ እየጮህኩ ነበር። ልጄ እኔን እያየ ይስቃል።

አባቴ አልጮኸም። እንደ ፈታኝ ነው የሚያየው። «ማርሹን ቸኮለ።» «አሁን ይለቀው።» «ይሄ ልጅ ይነዳል።» አንዱ በሁለት ጎማ ብቻ ቆሞ ረጅም መንገድ ሲሄድ በአንደበቱ «እሰይ» ሲል ሰምቼዋለሁ።

ከዚያ አንደኛው መጣ። ቀጥ ያለ የአፈር ግድግዳ ላይ ወጣና ወደ ኋላ ሊዞር ተወረወረ። አልሞላለትም። በአናቱ ወረደ። ፋይበር ግላሱ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተበተነ። አንድ የፊት ጎማ ከነቸርኬው ተንጋደደ። ስታዲየሙ በአንድ ላይ «ኡ!» አለ። አባቴ ብድግ አለ፤ ቆሎው በሙሉ ተበተነ።

ድምፁ ወዲያው ቆመ። ሰዎች እየሮጡ ሄዱ። ትንሽ ቆይቶ ሹፌሩ ከሥር ሾልኮ ወጣ፤ የተገለበጠ መኪናው ላይ ወጥቶ ሁለት እጁን አነሳ። ጭብጨባው ለጉድ ነው። አባቴ አላጨበጨበም። ሹፌሩንም አያይም። ዓይኑ ሜዳው ዳር በቆመ፣ የሆነ ነገር በያዘ ሰው ላይ ነው።

«ጠፋ» አለኝ።

«ማን?»

«ሞተሩ። ወዲያው ጠፋ።»

ሲያልቅ መንገዱ ተዘጋግቶ ከማቆሚያው ለመውጣት ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። ልጄ ከኋላ ተኝቷል፣ የጆሮ መከላከያውን እንዳደረገ። እኔ ስለ መኪኖቹ እያወራሁ ነበር። አባቴ እየሰማኝ አልነበረም።

«ሰርዶን አለፍ እንዳልን ነው» አለ በመሃል። «ሌሊት ነው። አንተ አልተወለድክም። ግመል ገባብኝ።»

ሬዲዮውን ዘጋሁት።

«በጎኗ ተኛች። እኔ ከላይ ተንጠልጥያለሁ፣ ምንም አልሆንኩም። ሞተሯ ግን አልጠፋም። ማጥፊያው አልደረስልህ አለኝ። ጎማው ይዞራል። ረዳቴ ሊወጣ ሲል እግሩን ያዘው። ይጮኻል። እኔ እጄን እዘረጋለሁ። በጣቴ ጫፍ እነካዋለሁ፣ መሳብ ግን አልቻልኩም።»

«ጋሼ?» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ቀይ መብራት ላይ ቆምን። መስኮቱን ትንሽ ከፈተና ውጪ ውጪውን አየ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላዬ ያለው ጡሩንባ ነፋብኝ። ቀስ ብዬ ነዳሁ።

«ያቺ ሰውየው የያዛት ነገር» አለኝ ቆይቶ፣ «ስንት ታወጣለች?»